ከሦስት ሰው ዜሮ፦ የአዲስ መድኃኒት መጠን በስታቲስቲክስ እንዴት ይወሰናል?

አንድ አዲስ መድኃኒት ለሦስት ሰው ተሰጠ እንበል። አንድ ወር ሙሉ ተከታተልናቸው። ሦስቱም ደህና ናቸው። ታዲያ ይህ መጠን ለሰው ደህና ነው ማለት ይቻላል?

ብዙ ሰው «አዎ» ይላል። እኔም ስታቲስቲክስ ከመማሬ በፊት እንደዚያው ነበርኩ። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። መድኃኒቱ ከሁለት ሰው አንዱን የሚጎዳ ቢሆን እንኳ፣ ሦስት ሰዎች ሳይነኩ የማለፋቸው ዕድል 0.5 × 0.5 × 0.5 ነው። 12.5% ማለት ነው። ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውራችሁ ሦስቱንም ጊዜ አንበሳው ወደ ላይ ቢሆን ትስቁ ይሆናል እንጂ «ሳንቲሙ ሁለቱም ጎኑ አንበሳ ነው» አትሉም።

ከሦስት ሰው ዜሮ ካገኘን በ95% እርግጠኝነት ልንናገር የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እውነተኛው የጉዳት መጠን ከ63% አይበልጥም። ስሌቱ ቀላል ነው። ሦስት ጊዜ ከራሱ ጋር ተባዝቶ 0.05 የሚሰጠው ቁጥር 0.37 ገደማ ነው። ከ1 ሲቀነስ 0.63 ይቀራል። ስድስት ሰው ሆነው ዜሮ ቢገኝ ደግሞ ጣሪያው 39% ነው። አሁንም ብዙ ነው።

እንግዲህ ይህ መመሪያ በእንዲህ ያለ ጥቂት መረጃ እንዴት ውሳኔ ላይ እንደሚደረስ ነው የሚያሳየው። የሚመለከተው የምዕራፍ 1 ክሊኒካል ሙከራን ነው። አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚሰጥበትን ደረጃ ማለቴ ነው። ለፋርማሲ፣ ለሕክምናና ለስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው ፕሮቶኮል (የሙከራውን ዕቅድ) ለሚገመግሙም ይሆናል። ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሁሉ ይገባል። ግን በቤታችሁ ያለውን መድኃኒት መጠን ለመቀየር እንዳትጠቀሙበት። እሱ የሐኪማችሁ ሥራ ነው።

ለማሳያ አንድ መድኃኒት እንፍጠር። ስሙ «ሀ» ይሁን። የሚዋጥ የካንሰር መድኃኒት ነው። ቁጥሮቹን ለትምህርት ብዬ እኔው ያወጣኋቸው ናቸው። ደንቦቹ ግን በእውን የሚሠራባቸው ናቸው።

ደረጃ 1፦ «ጉዳት» ምን እንደሆነ ቀድማችሁ ጻፉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው በኋላ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ታካሚው ሦስት ቀን አስመልሶታል። ጉዳት ነው? አይደለም? አንዱ ሐኪም «ነው» ይላል፣ ሌላው «ካንሰሩ ራሱ ነው» ይላል። ሙከራው ከተጀመረ በኋላ መጨቃጨቅ አያዋጣም። ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ሁሉ የሚቆጥረው «አዎ» እና «አይ»ን ብቻ ነው።

በካንሰር ሙከራዎች የሚሠራበት መለኪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያወጣው ነው። ሲቲሲኤኢ ይባላል። ጉዳትን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 ቀላል ነው፣ 5 ሞት ነው። መጠን መጨመርን የሚያስቆመው ጉዳት በሙያው ቋንቋ ዲኤልቲ ይባላል። እኔ «ገቺ ጉዳት» ልበለው። አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ የሆነው ነው፣ አንዳንድ ነገሮች ተለይተው ሲወጡ። ለምሳሌ «ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ከ500 በታች ወርዶ ከ7 ቀን በላይ ከቆየ» ተብሎ ይጻፋል። ወይም «ደረጃ 3 ማስመለስ፣ ማስታገሻ ተሰጥቶትም ካላቆመ»። እንዲህ ቁርጥ ያለ መሆን አለበት።

ሁለት ቁጥሮች አብረው ይጻፋሉ። አንደኛው የመከታተያ ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ 21 ወይም 28 ቀን። ሁለተኛው ዒላማው ነው፤ ከመቶ ስንት ሰው ገቺ ጉዳት ቢያገኘው እንቀበላለን የሚለው። በካንሰር ከ20% እስከ 33% የተለመደ ነው። እኛ 30% እንያዝ።

30% ሲባል የሚደነግጥ አለ። ልክ ነው፣ ለራስ ምታት ክኒን ቢሆን እብደት ነው። ሌላ ሕክምና ያለቀበት የካንሰር ታካሚ ግን መጠኑ አንሶ መድኃኒቱ ባይሠራለት ያም ጉዳት ነው።

ደረጃ 2፦ መነሻ መጠን አስሉ

የመጀመሪያው ሰው ስንት ይውሰድ? መልሱ ከእንስሳት ሙከራ ነው የሚመጣው። ግን የአይጥን መጠን በኪሎ አባዝቶ ለሰው መስጠት አይሆንም። ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን በኪሎ ሲታሰብ ከሰው በፍጥነት ያስወግዳል። ስለዚህ የሚነጻጸረው በክብደት ሳይሆን በሰውነት ቆዳ ስፋት ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በ2005 ባወጣው መመሪያ ማካፈያዎቹ ተቀምጠዋል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በኪሎ የተሰጠውን ሚሊግራም ለትንሿ አይጥ በ12.3፣ ለትልቁ አይጥ በ6.2፣ ለጥንቸል በ3.1፣ ለውሻ በ1.8 ታካፍላላችሁ።

ለጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ከሆነ የሚጀመረው በእንስሳቱ ላይ ምንም ጉዳት ካላሳየው ከፍተኛ መጠን ነው። ወደ ሰው ቀይራችሁ ቢያንስ በ10 ታካፍሉታላችሁ። ለከባድ ካንሰር ታካሚዎች ሕጉ ላላ ይላል። በ2009 በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ከአይጦች 10%ውን ክፉኛ የጎዳው መጠን አንድ አሥረኛ ይወሰዳል። ወይም ውሻን በመሰለ እንስሳ ላይ ከባድ ጉዳት ያላመጣው ከፍተኛ መጠን አንድ ስድስተኛ።

በእኛ «ሀ» እንየው። ከትልልቆቹ አይጦች 10%ውን ክፉኛ የጎዳው በኪሎ 31 ሚሊግራም ነው እንበል። 31 ÷ 6.2 = 5። አንድ አሥረኛው 0.5። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊግራም። በውሻ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያላመጣው 9 ነው። 9 ÷ 1.8 = 5። አንድ ስድስተኛው 0.83። ለ60 ኪሎ ሰው 50 ሚሊግራም። 30 እና 50 አገኘን። ትንሹን እንውሰድ፦ 30 ሚሊግራም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀመሩን በትክክል መሥራት ብቻውን አያድንም።

መጋቢት 13 ቀን 2006፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ለንደን ውስጥ በኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ግቢ ቲጂኤን1412 የተባለ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ስምንት ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። ስድስቱ መድኃኒቱን፣ ሁለቱ ባዶውን ፈሳሽ ወሰዱ። ዝንጀሮዎች በኪሎ 50 ሚሊግራም ወስደው ይህ ነው የሚባል ነገር አልሆኑም። ማካፈሉ ሲሠራ ለሰው 16 ገደማ ይመጣል። በ10 ቢካፈል 1.6። አጥኚዎቹ ግን ከዚያም ዝቅ ብለው በኪሎ 0.1 ሰጡ። ዝንጀሮዎቹ ከወሰዱት አንድ አምስት መቶኛ ማለት ነው። ጥንቃቄ አላነሰም የሚያሰኝ ነው።

ስድስቱም በ90 ደቂቃ ውስጥ መታመም ጀመሩ። የሰውነታቸው መከላከያ በራሱ ላይ ተነሣ። ብዙ አካላቸው ሥራ አቆመ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም በሕይወት ተረፉ።

ምን ሆነ? መድኃኒቱ የሚነካው ሲዲ28 የተባለውን የነጭ ደም ሴል ቁልፍ ነው። በሰው ላይ ጉዳቱን ያመጡት የነጭ ደም ሴሎች ይህ ቁልፍ አላቸው፤ የዝንጀሮዎቹ ተመሳሳይ ሴሎች ግን የላቸውም። እንስሳው የማያውቀውን ጉዳት እንስሳው ሊነግረን አይችልም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ላሉ መድኃኒቶች መነሻው «ያልጎዳው ከፍተኛ መጠን» ሳይሆን «በሰው ሴል ላይ መሥራት የሚጀምርበት ዝቅተኛ መጠን» እንዲሆን ይጠየቃል። ሌላም ነገር ተለወጠ። ስድስቱ ሰዎች መድኃኒቱን የወሰዱት በአሥር አሥር ደቂቃ ልዩነት ነበር። የመጀመሪያው ሲታመም ሌሎቹ ወስደዋል። አሁን አንድ ሰው ቀድሞ ይወስድና ይጠበቃል። ይህ ስታቲስቲክስ አይደለም፣ ግን ከየትኛውም ቀመር ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ መሰላሉን ሥሩ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ተረቱ በስንት በስንት እንደሚጨመር አይነግረንም። የተለመደው መንገድ መጀመሪያ ላይ ሰፋ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ጠበብ ማድረግ ነው፦ 100%፣ ከዚያ 67%፣ 50%፣ 40%፣ 33% መጨመር። «ሀ» እንግዲህ 30፣ 60፣ 100፣ 150፣ 210፣ 280 ሚሊግራም ይሆናል። ስድስት ደረጃ። ክኒኑ በምን መጠን እንደሚመረትም አትርሱ። 67 ሚሊግራም ስጡ ብሎ ጽፎ ክኒን በቢላ የሚያስቆርጥ ፕሮቶኮል አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ የድሮውን ደንብ እወቁት፣ ግን ፈትሹት

«ሦስት ሲደመር ሦስት» የሚባለው ደንብ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። አሁንም ብዙ ቦታ አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት ታካሚ አንድ መጠን ይወስዳል። ማንም ገቺ ጉዳት ካላገኘው ወደ ላይ። አንድ ሰው ካገኘው እዚያው ሌላ ሦስት ይጨመራል። ከስድስቱ አንድ ብቻ ከሆነ ወደ ላይ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ይቆማል፣ ከታች ያለው መጠን ይመረጣል።

የሚወደደው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ኮምፒውተር አይፈልግም። ሐኪሙ በግድግዳ ላይ ለጥፎት ሊሠራበት ይችላል። ችግሩ የሚታየው ዕድሉን ስታሰሉት ነው። አንድን ደረጃ የማለፍ ዕድል ሁለት ነገር ሲደመር ነው። አንዱ ከሦስት ዜሮ የማግኘት ዕድል ነው። ሌላው ከሦስት አንድ፣ ከዚያ ከሚቀጥሉት ሦስት ዜሮ የማግኘት ዕድል ነው። ለ30% እውነተኛ ጉዳት 0.343 + 0.441 × 0.343 = 0.494። በዚሁ መንገድ ሌሎቹን ብታወጡ እንዲህ ይመጣል፦

እውነተኛው ጉዳት 10% ከሆነ የማለፍ ዕድል 91%
20% ከሆነ 71%
30% ከሆነ 49%
50% ከሆነ 17%

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዒላማችን 30% ነው። ግን 10% ጉዳት ያለውን እና 20% ጉዳት ያለውን ሁለት ደረጃ ለማለፍ ብቻ 0.91 በ0.71 ይባዛል። 64% ገደማ ነው። ከሦስት ሙከራ ከአንዱ በላይ ትክክለኛው መጠን ጋ ሳይደርስ ይቆማል ማለት ነው። ታካሚዎቹ ደካማ መጠን እየወሰዱ ይቀራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከሁለት ሰው አንዱን የሚጎዳ መጠን ከስድስት ጊዜ አንዴ ሾልኮ ያልፋል። ደንቡ ዒላማችሁ 20% ይሁን 33% አይጠይቃችሁም። ለሁሉም ያው ነው።

እኔ ለአዲስ ሙከራ ይህን ደንብ አልመርጥም። ቀላል መሆኑ ብቻውን አያጸድቀውም፣ በተለይ አሁን እንደሱ የሚቀልል የተሻለ ነገር ስላለ።

ደረጃ 5፦ ሁለት መስመር ያለውን ደንብ ተጠቀሙ

ይህ ደንብ ቦይን ይባላል። በ2015 ሊዩ እና ዩዋን የተባሉ ስታቲስቲሺያኖች ያወጡት ነው። ኤፍዲኤ በ2021 ለምዕራፍ 1 የመጠን ፍለጋ ብቁ መሣሪያ ብሎ ተቀብሎታል። ሐሳቡ አጭር ነው። ባላችሁበት መጠን ላይ እስካሁን ጉዳት ያገኛቸውን ሰዎች መድኃኒቱን በወሰዱት ሁሉ ታካፍላላችሁ። ውጤቱ ከታችኛው መስመር ካነሰ ትወጣላችሁ። ከላይኛው ከበለጠ ትወርዳላችሁ። መሀል ከሆነ እዚያው ትቆያላችሁ።

ዒላማው 30% ሲሆን መስመሮቹ 0.236 እና 0.359 ናቸው። ከየት መጡ? ደንቡ ሦስት ነገሮችን ያወዳድራል፦ ጉዳቱ ልክ 30% ነው፣ በጣም ዝቅ ያለ 18% ነው፣ ወይም በጣም የበዛ 42% ነው። 18 እና 42 የ30 0.6 እና 1.4 እጥፍ ናቸው። የተሳሳተ ውሳኔ የመወሰን ዕድል ከሁሉ የሚያንስበት ቦታ ላይ መስመሩ ይሰመራል። ዒላማችሁ ሌላ ከሆነ መስመሮቹም ይቀየራሉ።

ይህን ወደ ሙሉ ሰው ብትቀይሩት የሚለጠፍ ሰንጠረዥ ይወጣችኋል፦

3 ሰው ሲሆን፦ 0 ከሆነ ውጡ። 1 ከሆነ ቆዩ። 2 ከሆነ ውረዱ። 3 ከሆነ መጠኑን ዝጉት።
6 ሰው ሲሆን፦ እስከ 1 ውጡ። 2 ቆዩ። 3 ውረዱ። 4 እና በላይ ዝጉ።
9 ሰው ሲሆን፦ እስከ 2 ውጡ። 3 ቆዩ። 4 ውረዱ። 5 እና በላይ ዝጉ።
12 ሰው ሲሆን፦ እስከ 2 ውጡ። 3 እና 4 ቆዩ። 5 እና 6 ውረዱ። 7 እና በላይ ዝጉ።

«ዝጉ» ማለት ያ መጠንና ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ከሙከራው ይወጣል፣ ተመልሶም አይሞከርም ማለት ነው። የሚዘጋው እውነተኛው ጉዳት ከ30% የሚበልጥበት ዕድል ከ95% ካለፈ ነው። ከሦስት ሦስቱም ቢጎዱ ይህ ዕድል 1 ሲቀነስ 0.3 በአራተኛ ኃይል ነው። 99% ያልፋል። የመጨረሻው ታችኛው መጠን ከተዘጋ ሙከራው ያበቃል።

አሁን «ሀ»ን እናስኬደው። ሦስት ሦስት እየሆኑ ይገባሉ፣ ቢበዛ 30 ታካሚ።

በ30 ሚሊግራም ከ3 ዜሮ። ወጣን። በ60 ከ3 ዜሮ። ወጣን። በ100 ከ3 ዜሮ። ወጣን። በ150 ከ3 አንድ። ቆየን። ሌላ ሦስት ገቡ፣ ማንም አልተጎዳም። ከ6 አንድ፣ 0.167። ወጣን። በ210 ከ3 ሁለት። ወረድን። በ150 ሌላ ሦስት ገቡ፣ አንድ ተጎዳ። ከ9 ሁለት፣ 0.222። ደንቡ «ውጡ» ይላል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ «210 ላይ አሁን ሁለት ሰው ታሞብኛል፣ አልመለስም» ቢል አልፈርድበትም። ደንቡ ጣሪያ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ከደንቡ ይልቅ መጠንቀቅ ይቻላል፣ ከደንቡ አልፎ መድፈር ግን አይቻልም። ይህንንም በፕሮቶኮሉ ጻፉት። በእኛ ታሪክ ግን ወጣን። በ210 ሦስት ገቡ፣ አንድ ተጎዳ። ከ6 ሦስት፣ 0.5። ወረድን። በ150 ሦስት ገቡ፣ አንድ ተጎዳ። ከ12 ሦስት፣ 0.25። ቆየን። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገቡ፣ አንድ ተጎዳ። ከ15 አራት። 30 ታካሚ ሞላ።

ሌላም መንገድ አለ። ኦኩዊግሊ፣ ፔፔና ፊሸር በ1990 ያቀረቡት ሲአርኤም የሚባለው። እሱ የሁሉንም መጠኖች መረጃ በአንድ ኩርባ ያያይዛል። እያንዳንዱ አዲስ ታካሚ ኩርባውን ያንቀሳቅሰዋል፣ ቀጣዩ ሰው ለ30% በጣም የሚቀርበውን መጠን ያገኛል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ስታቲስቲሺያን በየሳምንቱ አጠገባችሁ መኖር አለበት። ከሌለ ቦይን ይበቃል።

ደረጃ 6፦ በመጨረሻ መጠኑን ምረጡ፣ ከነስህተቱ

ሙከራው ሲያልቅ የየመጠኑ ውጤት ይደረደራል። 0፣ 0፣ 0፣ 4 ከ15 እና 3 ከ6። በመቶኛ 0፣ 0፣ 0፣ 27 እና 50። መጠን ሲጨምር ጉዳት አይቀንስም ብለን ስለምናምን ቁጥሮቹ መውረድ የለባቸውም። የእኛ አልወረዱም። ቢወርዱ ኖሮ ጎረቤቶቹን ታዋህዳላችሁ። ለምሳሌ በ100 ከ6 ሁለት፣ በ150 ደግሞ ከ6 አንድ ቢሆን ሁለቱን ደምራችሁ ከ12 ሦስት፣ 25% ለሁለቱም ትሰጣላችሁ። ከዚያ ለ30% የቀረበው ይመረጣል። እዚህ 150 ሚሊግራም ነው።

አሁን ብዙ ዘገባ የሚዘለው ነገር። «27%» ብላችሁ አታቁሙ። ከ15 አራት ሲሆን የ95% መተማመኛ ወሰኑ፣ ማለትም እውነተኛው ጉዳት ሊገኝበት የሚችለው ክልል፣ ከ8% እስከ 55% ነው። ሰፊ ነው፣ አዎ። ግን በዚሁ ታሪክ ሦስት ሲደመር ሦስትን ብንጠቀም 210 ላይ ከ3 ሁለት ሲጎዳ ያቆም ነበር። 18 ታካሚ፣ የተመረጠው ያው 150። በእጃችን የሚኖረው ግን ከ6 አንድ ነው። ወሰኑ ከ0.4% እስከ 64%። መልሱ አንድ ነው፣ እውቀቱ ግን ሰማይና ምድር። ቀጣዩን ደረጃ፣ ምዕራፍ 2ን፣ የሚያቅደው ሰው ይህን ወሰን ማየት አለበት።

ደረጃ 7፦ ማንም ሰው ሳይነካ በኮምፒውተር ሞክሩት

በቅደም ተከተል ካየነው ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ወደዚህ ያመጣሁት ደንቡን ሳታውቁ ስለማይገባችሁ ነው።

እውነቱን እናንተ ትፈጥራላችሁ። «የ30 ሚሊግራም ጉዳት 2%፣ የ60 5%፣ የ100 12%፣ የ150 30%፣ የ210 45%፣ የ280 60% ነው» ትላላችሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሙከራውን 10,000 ጊዜ ያካሂዳል። አር በተባለው ነጻ ቋንቋ ለቦይንም ለሲአርኤምም የተዘጋጁ ፓኬጆች አሉ። ሦስት ነገር ተመልከቱ። ትክክለኛው መጠን ስንት በመቶ ጊዜ ተመረጠ? ከታካሚዎቹ ስንቱ ከመጠን በላይ ወሰደ? የመጀመሪያው መጠን ራሱ መርዛማ ቢሆን ሙከራው ምን ያህል ጊዜ ቶሎ ይቆማል?

የመጨረሻው ላይ አትደራደሩ። ሁሉም ደረጃ የሚጎዳበትን ክፉ ታሪክ የግድ አስገቡ። ኮሚቴ ላይ ከተቀመጣችሁ ይህን ሰንጠረዥ ጠይቁ። በኢትዮጵያ ለክሊኒካል ሙከራ ፈቃድ የሚሰጠው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ፋይሉ እዚያ ሳይደርስ በፊት ጥያቄው በቤት ውስጥ ቢነሣ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ የሚቻለው ከፍተኛ መጠን የሚሻለው መጠን ነው ብላችሁ አታስቡ

እስካሁን የፈለግነው ሰው የሚችለውን ጣሪያ ነው። ለድሮዎቹ ኬሞቴራፒዎች «ብዙ በተሰጠ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አካሄድ ያስኬድ ነበር። ለአዲሶቹ የተነጣጠሩ (የካንሰሩን አንድ ነገር ለይተው የሚመቱ) መድኃኒቶች ግን አንድ ቦታ ላይ ጥቅሙ ይቆማል፣ ጉዳቱ ይቀጥላል። ሶቶራሲብ የተባለው የሳንባ ካንሰር መድኃኒት በ2021 በቀን 960 ሚሊግራም ተብሎ ሲጸድቅ፣ ኤፍዲኤ አምራቹ 240ንም አወዳድሮ እንዲያሳይ አዘዘ። በምዕራፍ 1 ገቺ ጉዳት አልታየም ነበር። ከ180 እስከ 960 ድረስ በደም ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት ተቀራራቢ ነበር። ታዲያ አራት እጥፍ ለምን? ሁለቱ መጠኖች ተወዳድረው በመጨረሻ 960 ጸና። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር። ኤፍዲኤ በዚያው ዓመት ፕሮጀክት ኦፕቲመስ ብሎ የጀመረው ሥራ ይህንኑ የሚጠይቅ ነው፦ ሁለት መጠን ይዛችሁ፣ ታካሚዎችን በዕጣ ከፍላችሁ አወዳድሩ።

ተቃራኒውም አለ፣ ለእኛም ቅርብ ነው። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው የሚሰጠው። ያኔ ውድ ነበር፣ ጉዳቱም ይፈራ ነበር። ሰው ምን ያህል እንደሚችል ደረጃ በደረጃ የተሞከረው ግን ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በደቡብ አፍሪካ ታካሚዎች ለሁለት ሳምንት 20፣ 25፣ 30፣ 35 እየተባለ ወጣ። 35 ድረስ ቻሉት። ቀጥሎ 40ን ቻሉ፣ 50 ላይ ግን አልቻሉም። ጣሪያው ከሚሰጠው አራት እጥፍ ነበር። ይህ ማለት ሁሉም ሰው ነገ 40 ይውሰድ ማለት አይደለም። ጣሪያው ሳይለካ ስንት ዓመት እንደቆየ ለማሳየት ነው።

ደረጃ 9፦ ሙከራው ውስጥ ማን እንደሌለ ቁጠሩ

አልፎ አልፎ ለሚመጣ ጉዳት አንድ ቀላል ደንብ ያዙ። በስንት ሰው ላይ ዜሮ እንዳያችሁ ቁጠሩና 3ን ለዚያ አካፍሉ። በ30 ሰው ዜሮ ከሆነ ጣሪያው 10% ነው። በ300 ዜሮ ከሆነ 1%። ከሺህ ሰው አንዱን የሚጎዳ ነገር እንደሌለ ለመናገር 3,000 ሰው ሳይነካ ማለፍ አለበት። ምዕራፍ 1 ይህን በፍጹም አይነግራችሁም።

ሌላው የዘር ውርስ ነው። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀየራል። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተባዝቶ ስላለው ቅየራው ይፈጥንበታል። ለሌላው ልክ የሆነ መጠን ለሱ ይበዛበታል። በ1996 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 29% ገደማ እንዲህ የተባዛ ዘረመል እንዳላቸው አሳየ። በስዊድናውያን ከ1 እስከ 2% ነው።

እንግዲህ አስሉት። 2% በሆነበት አገር 30 ሰው ያለው ሙከራ ብታካሂዱ፣ አንድም እንዲህ ያለ ሰው ያለመግባቱ ዕድል 0.98 ሠላሳ ጊዜ ከራሱ ጋር ሲባዛ ነው። 55% ይመጣል። ያው ሙከራ አዲስ አበባ ላይ ቢካሄድ ከ30ው ዘጠኝ ያህሉ እነሱ ናቸው።